ሆራው ሰላም ነው

«ይህ ሳሙና አረፋ ያወጣል?»

«ውሃው ካልቀዘቀዘ።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። መሳይ የልብስ ሳሙናውን በባንኮኒው ላይ ገፋ አደረገው። መለዋወጫ ሻጩ ለታ በጋዜጣ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ሳሙናው ሆድ ውስጥ ፍላሽ አለ፤ ፍላሹ ላይ የነዳጅ ኩባንያው የደበቀው የጋዝ ልኬት።

መሳይ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ለላኩት የመንግሥት ሰዎች «ገብስ» ነው። ስምንት ወር የኩባንያው ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ሠርቷል። ከፋብሪካ ጭስ የተያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቦቴ እየመጣ አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከሥር የቀረውን ድፍድፍ ነዳጅ ሽቅብ ገፍቶ ያወጣል፤ ራሱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል ተብሎ ነበር። ምን ይቀራል! ከብት ጨዋማ ውሃ በሚጠጣበት ሆራ በኩል እየሾለከ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ጎድጓዳው ላይ ይተኛና የገባበትን ይገድላል።

«ቅጂ አለህ?» አለ ለታ።

መሳይ ክው አለ። በዚህ ሥራ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«የለኝም።»

ቅጂው ጫማው ውስጥ ነበር።

ሲወጣ ሁለት ሰዎች ከኋላው ነበሩ። ለታ ሸጦታል። በሮቤ የሐሙስ ገበያ፣ በእህል ጆንያ መሃል ተሽሎከለከ። ወደ ፈረስ ማሰሪያው ታጠፈ። እነሱም ታጠፉ።

አንድ እጅ ክንዱን ያዘው።

ኦቦ ጀሊል ናቸው፤ ቤት ያከራዩት ሽማግሌ። ስምንት ወር ከልጃቸው ከዩስራ ጋር አንድ ገበታ አብልተውታል። አሁንም ምንም አልጠየቁም። ጋቢያቸውን ደርበውለት ከፈረሳቸው ሥር ቁጭ አደረጉት። ሰዎቹ ሦስት እርምጃ አልፈው ቆሙ።

«ሆራው ነጋ?» አሉ ሽማግሌው፣ እንደ ወጉ፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

ከውሃ በኩል የመጣን ሰው ስለ ውሃው ሰላም ሳይጠይቁ አያልፉም። የመለሰውንም ያምኑታል።

«ወፍ ሞታ አየን ይላሉ። ሰዉ ሁሉ እኔን ነው የሚጠብቀው። የሆራው አባት ሳይወርድ ማንም አይወርድም።»

«መቼ ይወርዳሉ?»

«ቅዳሜ።»

ገና ሐሙስ ነው። ቢነግራቸው ለመንደሩ ይናገራሉ። ምስጢሩ በለታ እጅ የቀረ የመሰለው ኩባንያ ይሰማና ዱካውን ያጠፋል።

«ነጋ ነው ኦቦ። ሰላም ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሰዎቹ አጥተውት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ጎባ ላይ ቅጂውን ለአለቃው፣ ለ«አጎቴ» አስረከበ።

«ሽማግሌውን ላስጠንቅቅ። ቅዳሜ ሆራው ይወርዳሉ።»

«ነገ ስድስት ሰዓት ጉድጓዱ ይታሸጋል። እስከዚያ ስልክ የለም።»

«ሰውዬው እኮ...»

«ቅዳሜ አይደል ያሉህ?»

ልቡ እምቢ እያለው እሺ አለ።

ዓርብ በስድስት ሰዓት ጉድጓዱ ታሸገ። ለታም ተያዘ። መሳይ ወዲያው ደወለ።

«ዩስራ፣ ኦቦ ወደ ሆራው እንዳይወርዱ።»

ከኋላዋ ሰው ያለቅሳል።

«ጠዋት ወረደ» አለች። «ትናንት ከገበያ ሲገባ ደስ ብሎት ነበር። መሳይ እዚያው ነው የሚሠራው፣ እሱ ሰላም ካለኝ ቅዳሜን ምን አስጠበቀኝ አለ። ከነላሞቹ ነው ያገኙት። በገመድ ጎትተው አወጡት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ወንድሜ፣ የት ነህ? ከዓስር ሰላት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይቀበራል። ወንድ ልጅ የለውም፤ አንተ ትሸከመዋለህ ብለን እየጠበቅንህ ነው።»

ስልኩን ዘግቶ ሲም ካርዱን ሰበረው።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ አጎቴ፣ በሌላ ስም የወጣ መታወቂያ እየሰጠው። ሊመታው ፈለገ። ግን እሺ ያለው ማን ሆነና? ሰላም ነው ያለውስ?

አሥር ሰዓት ላይ የሻሸመኔው አውቶቡስ ከጎባ ተነሣ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ከእግራቸው ሥር አስተካከሉና ዞር አሉ።

«ከወዴት ነህ ልጄ? አገሩ ነጋ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። ሴትዮዋ ደግመው አልጠየቁትም።