በሺፋ እጅ ላይ የቆጠርነው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ያየሁትን እንጂ የመሰለኝን መጻፍ አልለመድኩም።

ጊዜው ኅዳር 1998 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል። ፀሐይ ነው። ቦታው አዲስ አበባ ልደታ፣ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ግቢ።

ታካሚዬ ሺፋ ትባላለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም የልቧን ቫልቭ አበላሽቶታል። ለቀዶ ሕክምና ውጭ አገር ልትሄድ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷት ነበር። እስከዚያ በሕይወት ማቆየት የእኔ ሥራ ነው።

በየቀኑ እየሄድኩ የልብ ኪኒኗን እሰጣታለሁ። መጀመሪያ ግን ምቷ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ኪኒኑ ምቱን ስለሚያዘገይ፣ ከስልሳ ከወረደ አይሰጥም።

ለሁለት ነው የምንቆጥረው። እኔ ደረቷን በማዳመጫ፣ አባቷ ጋሽ አብዱልሃሚድ የእጇን አንጓ በሁለት ጣታቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በሦስት ቀን ለመዱት።

"አባዬ የሙሽራ ልብስ ሲለካ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም" ትላለች ሺፋ።

"ዝም በይ፣ አሳሳትሽኝ።"

ደካማ ምት ከልብ ተነስቶ እጅ ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የእጁ ቁጥር ከደረቱ ሊያንስ ይችላል። ሊበልጥ ግን አይችልም... ከየት መጥቶ?

እሑድ እኔ ስልሳ አራት ቆጠርኩ። እሳቸው ሰባ ሁለት።

ሰኞ እኔ አርባ ስድስት። እሳቸው ሰባ ሁለት።

ኪኒኑን እንድሰጣት ብለው የሚዋሹ መሰለኝ። አልሰጠኋትም። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፤ "አልጋ የለም፣ ረቡዕ አምጧት" አለኝ።

ማክሰኞ ስገባ እጇን እንደያዙ ነበሩ። ጎረቤታቸው ዘይቱና በሩ ላይ ቆማ "ከንጋት ጀምሮ አልለቀቋትም" አለችኝ በሹክሹክታ። "እህልም አልቀመሱ።"

ሺፋ ዓይኗ ተከድኗል። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረግኩ...

ምንም።

በራሴ ደረት ሞከርኩት። ይሠራል።

ከዘይቱና ጋር ወለሉ ላይ አውርደናት ደረቷን መጫን ጀመርኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ላቤ ግንባሯ ላይ ተንጠባጠበ። አንገቷን ዳሰስኩ፤ ምንም። ዓይኗን ገልጬ ባትሪ አበራሁ፤ ብሌኗ አልጠበበም።

አባቷ አብረዋት ወለሉ ላይ ወርደዋል። እጇን አልለቀቁም።

"ሰባ ሁለት" አሉ።

"ጋሼ..."

"ኪኒኗን ስጫት።"

"ጋሼ፣ ልቧ ቆሟል።"

"እጇን ያዢ እንጂ።"

ጣቴን ከጣታቸው አጠገብ አስገባሁ።

ይመታል።

ሙሉ፣ እኩል ምት። ዓይኔን ከሰዓቴ ሳልነቅል ቆጠርኩ... ሰባ ሁለት።

ተማሪ ሳለን መምህራችን አንድ ስህተት ደጋግማ ትነግረን ነበር። አጥብቆ የሚይዝ ሰው የራሱን ምት የበሽተኛው ነው ብሎ ይቆጥራል። በቃ፣ ይሄ ነው አልኩ። የሚቆጥሩት የራሳቸውን ነው። እኔም የነካሁት የእሳቸውን ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ሌላኛውን እጃቸውን እይዛለሁ፤ ሁለቱ ምት እኩል ከሄደ፣ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

አንጓቸውን ያዝኩ። ቆዳቸው ይሞቃል። ጣቴን አስተካከልኩ። እንደገና አስተካከልኩ።

ምንም አይመታም።

አንገታቸውን ነካሁ...

ምንም።

ጋሽ አብዱልሃሚድ ቀና ብለው አዩኝ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"ለልጄ እንዳትነግሪያት" አሉ በሹክሹክታ።

ያኔ ያልተያዘው የሺፋ እጅ ሁለት ጣቶች ከወለሉ ላይ ቀስ ብለው ተነሱና... ምት ሊቆጥሩ የአባቷ አንጓ ላይ አረፉ።