ከገደሉ ያልወረደው ድንጋይ

ዑመይር ነጩ ገደል ሥር በግንባሩ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን የፈነከተው ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። በ1996 ዓ.ም. ቡታጅራ አካባቢ ድንጋይ ሊያጠኑ ከመጡት ሦስት ሰዎች ታናሹ እሱ ነበር። ኢንስፔክተር ወለተ ሐና ስትደርስ ፖሊሶቹ ገበሬውን ሙስተፋን በካቴና አስረው፣ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ጥላ ሥር ተንጋለዋል። እሷ እንዲህ በጥድፊያ የተገኘ ወንጀለኛ አይጥማትም።

ሙስተፋ መሬቴን ለምን ትቆፍራላችሁ ብሎ ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ ዛሬም ገደሉ አናት ላይ ከብት ሲጠብቅ ነበር። ከተፈረደበት ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳታል።

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለ።

«እኔ አይቼዋለሁ!» አለ የቡድኑ መሪ ዶክተር ያረጋል። «ከገደሉ ጫፍ ፈንቅሎ ለቀቀበት። ምኑ ይጠየቃል?»

«ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው?» አለች።

ዶክተሩ ፈገግ አለ። ሰው መናቅ የለመደ ማስተማርም ይወዳል።

«እህቴ፣ አይገባሽም እንጂ ይህ ገደል የጥንት ሐይቅ ወለል ነው። በረጋ ውኃ የዘቀጠ ደቃቅ ጭቃ ነው፤ ብረት ስለሌለው የኮምፓስ መርፌ አያነቃንቅም። የወንዝ ድንጋይ ግን ጎርፍ ጠርጎ ያመጣው ብረታም አሸዋ አለበት፤ መርፌውን ይስበዋል። እዚህ አገር የእሳተ ገሞራ አመድ ስላለባቸው በዓይን ሁለቱም ነጭ ናቸው።»

«ይሄስ?»

«የሐይቁ ነዋ! ከገደሉ ነው የወደቀው አልኩሽ እኮ።»

ወለተ ሐና ትታው ሄደች። ሦስተኛዋ የጥናት ባልደረባ ሆሳዕና መኪናው አጠገብ ታለቅሳለች።

«ሟቹና ዶክተሩ እንዴት ነበሩ?»

«ትናንት ራት ላይ ተጨቃጨቁ። ዑመይር ‹በጥናትዎ ላይ የሐይቅ ነው ብለው የጻፉለት ድንጋይ የወንዝ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው እናገራለሁ› አላቸው።»

«ለጥናቱ ናሙና ለመውሰድ ድንጋዩን በመሰርሰሪያ የሚሰረስረው ማነው?»

«እሳቸው ብቻ ናቸው። መሰርሰሪያውን እኛን አያስነኩንም።»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ገደሉ ሥር ሰበሰበቻቸው። ከሆሳዕና የተቀበለችውን ኮምፓስ ወደ ገደሉ አስጠጋች፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ደም ወደነካው ድንጋይ ስታስጠጋው ግን እመር ብሎ ዞረ። ፖሊሶቹ እንኳ ከተንጋለሉበት ተነሱ።

«ዶክተር፣ ያስተማሩኝን ልድገመው። ይሄ ድንጋይ መርፌውን ስላዞረ የወንዝ ነው። የወንዝ ከሆነ ከገደሉ አልተፈነቀለም። ካልተፈነቀለ ደግሞ እርስዎ ምንም አላዩም።»

«ከወንዝ ተሸክሞት ወጥቶ ይሆናላ!»

«ታዲያ ከጫፉ ሲፈነቅል አየሁ ያሉት ምኑን ነው?» ድንጋዩን ገለበጠችው። ልሙጥ ክብ ቀዳዳ አለው። «ይሄንንስ ሙስተፋ በምን ሰረሰረው? በበሬው ቀንድ? መሰርሰሪያው ከእጅዎ አይወጣም። የሐይቅ ነው ብለው አገር ሊያታልሉበት ያመጡት ድንጋይ ነው። ልጁ አጋልጥዎታለሁ ሲል በዚያው መቱት። ሲጠየቁም የሐይቅ ነው አሉኝ፤ መዋሸቱን ለምደውታላ!»

ያረጋል ፊቱ አመድ መሰለ።

«የሃያ ዓመት ስሜን አንድ ውርጋጥ ያበላሸዋል?» አለ።

«ውርጋጡስ እውነት ተናግሮ ሞተ፤ እርስዎ ምን ሊባሉ ነው?» አለችና ካቴናውን ወደ ባለቤቱ እንዲያዞሩት አዘዘች።

ሙስተፋ የተለቀቀ እጁን እያሻሸ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጁምዓ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ነበር» አለ። «ልጁም እሺ ብሎኝ ነበር። አሁን ከማን ጋር ልታረቅ?»