ጨው የገባበት በቆሎ

የውሃ አባቱ ሞላ ከዋጃ በታች፣ ከመስኖ ቦዩ ዳር ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ከተገኘ ሳምንት አልፎታል። የውሃ ተራ የሚያድለው እሱ ነበር። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ገበሬው ታሂር ስለ ተራው ስለጮኸበት ብቻ መንደሩ ገዳይ ብሎ አሳሰረው። የተመታበት መሣሪያ ግን አልተገኘም። ከቆቦ የተላከችው ኢንስፔክተር ፍሬዓለም ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። መጮህ ወንጀል ከሆነ ራያ በሙሉ ይታሰር!

«ታሂር ነው እልዎታለሁ!» አላት የሟች ወንድም ውዱ። እሱ ሞላ በተገደለበት ሌሊት አላማጣ እንደነበር ዘመዶቹ መስክረውለታል።

«ሲመታው አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«ስሜነህ።»

የስሜነህ ማሳ ቦዩን ይዋሰናል። በቆሎው ለምለም ነው፤ ጥግ ላይ ያሉት ጥቂት አገዳዎች ብቻ የቅጠላቸው ጠርዝ ተቃጥሏል። ሥራቸው ያለው አፈር ረግረግ ሆኗል።

«እነዚህን ምን ነካቸው?» ማሳው ድረስ ሄዳ ጠየቀችው ፍሬዓለም።

«ቦዩ የሚያመጣው የጉድጓድ ውሃ ጨው አለው እመቤቴ። እሱ ነው ያቃጠላቸው።»

«ሌላው የሚጠጣው የሰማይ ውሃ ነው?»

ስሜነህ ሳቀ። ሳቁ አስጠላት። ከለምለሙ ቅጠል ቀጥፋ አኘከች፤ ጣዕም የለውም። ከተቃጠለው ስትቀምስ ጨው ጨው አላት፤ እንትፍ አለችው።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ማሳ ላይ ሰበሰበች። ታሂርም እንደታሰረ መጣ፤ ሚስቱ ሙሚና አጠገቡ ቆመች።

«ውሃው አንድ፣ አፈሩም አንድ ነው» አለች ፍሬዓለም። «ጤነኛ ሥር ውሃውን አስገብቶ አብዛኛውን ጨው ውጭ ያስቀራል። ማሳው ለምለም የሆነው ለዚህ ነው። የተበጠሰ ሥር ግን ማገድ አይችልም፤ ጨው ቅጠሉ ድረስ ይወጣል። እነዚህን አንድ ሰው ነቅሎ መልሶ ተክሏቸዋል። እንዳይጠወልጉበት ደጋግሞ አጠጣቸው፤ ባጠጣ ቁጥር ጨው አስገባባቸው።»

አንዱን አገዳ ሳብ ስታደርገው ያለ ችግር ወጣ። ሥሩ ብጥስጥስ ያለ ነው።

«ቆፍሩ!»

ዶማ ወጣ። ብረቱ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። እጀታው በሽቦ የተጠመጠመው ያ ዶማ የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

«ውሃ ስሰርቅ ያዘኝ!» ጮኸ ስሜነህ። «በሕዝብ ፊት አዋርድሃለሁ አለኝ!»

«ለአንድ ቦይ ውሃ ሰው ገደልክ፤ በዚያ ላይ ሌላ ሰው አሳሰርክ!» አለችው ፍሬዓለም በንዴት።

ታሂር ተፈታ። ዓይኑ ግን ከቦዩ ማዶ፣ ድርቅ ብሎ ከቀረው የራሱ በቆሎ ላይ ነበር።

«ተራዬን ማን ወሰደው?»

«ለገዳይ ሚስት ውሃ የለም አሉኝ» አለች ሙሚና።

«ማነው ያለሽ?»

ሙሚና ጣቷን ወደ ውዱ ቀሰረች፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። የቆሙትን ሁሉ አዳርሳ እስክትጨርስ እጇን አላወረደችም።