ሾርባ የነካው ሥዕል

ዶኛ ሶይላ በሥዕሎቹ አዳራሽ፣ ከወደቀ መሰላል ሥር ሞተው ተገኙ። ከበላያቸው የመጨረሻዋ የልጅ ልጃቸው የሮሲዮ ሥዕል ተሰቅሏል። ይህ የኩዌንካ ቤተሰብ የልጅ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ያስስላል፤ ልጁ መጥቶ መሰላሉን ይይዛል፣ አያት ትሰቅላለች። አሥራ አንዱ እንዲህ ተሰቅለዋል። ሮሲዮ ግን አንድም ቀን አልመጣችም፤ የተሳለችው እንኳ ከፎቶግራፍ ነው።

ሐኪሙ ሬሳውን አገላብጦ፣ «ከመሰላል አልወደቁም፤ ሰው ገፍቷቸዋል» አለ። በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ የያዘችው ሠራተኛዋ ፊሎሜና ብቻ ስለሆነች ፖሊሶቹ ሊያስሯት ተዘጋጁ።

ኢንስፔክተር ቴኔሳካ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። ከፍሬሙ ታች የደረቀ የሾርባ ፍንጣቂ አየ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጋዜጣውን ከሳህኑ ፊት አቁሞ ብቻውን የሚበላ ሰው ነውና ነገሩ ቶሎ ገባው።

«ንገሪኝ እስቲ ፊሎሜና፣ እመቤትሽ ከሥዕሉ ጋር ነበር እንዴ የሚበሉት?»

ፊሎሜና አለቀሰች። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየእሁዱ! ወንበር ላይ ያስቀምጧትና ‹ብዪ እንጂ የኔ ልጅ› ይሏታል። በሩ ሲንኳኳ ሰው እንዳይስቅባቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ይደብቋታል። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ‹ራሷ ካልመጣች አልሰቅላትም› ነበር የሚሉት።»

ሠዓሊው ሊሳርዶ ሲጠየቅ ቱግ አለ። «ሦስት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት! ተኳርፈናል፣ አልደብቅም።»

የዶኛ ሶይላ ልጅ፣ የሮሲዮ አባት ጌራርዶ ግን የተረጋጋ ነበር። «እዚህ ቤት ከረገጥኩ አራት ዓመቴ ነው። ደብዳቤም አንጻጻፍም።»

«ታዲያ ለምን ብቻቸውን ሊሰቅሉ ወጡ?»

«መጠበቁ ሰልችቷት ነዋ! ሥዕሉ ወንበር ላይ ተጎልቶ ሲያፈጥባት እስከ መቼ ትችለዋለች?»

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበ። ፊሎሜናንም ገበታውን እንደ እሁዱ እንድታሰናዳ አዘዛት።

«ሊሳርዶ ሥዕሉ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ይመስለው ነበር» አለ። «ፊሎሜና ወንበሩን ታውቃለች፤ ግን እመቤቷ ልጅቷ ሳትመጣ እንደማይሰቅሉም ታውቃለች። ‹ሲሰቅሉ ወደቁ› የሚል ውሸት ልትፈጥር አትችልም። ሬሳቸውን ወደ አዳራሹ ወስዶ፣ ሥዕሉን ሰቅሎ መሰላሉን የጣለው ሥዕሉን ወንበር ላይ አይቶ ሊሰቀል የተዘጋጀ የመሰለው ሰው ነው። ዶን ጌራርዶ፣ ሥዕሉ ከተሳለ ሦስት ዓመቱ ነው። እርስዎ አራት ዓመት ሳይመጡ ወንበር ላይ የት አዩት? በድሮ ቁልፍዎ ሳያንኳኩ ስለገቡ ነው እናትዎ ለመደበቅ ያልደረሱት።»

የጌራርዶ ፊት አመድ መሰለ።

«ቤቱን እንሽጠው ነው ያልኳት... ‹ሮሲዮን አምጣልኝ› ብላ እጄን ያዘችኝ። ገፋኋት። ጭንቅላቷ ከምድጃው ድንጋይ ጋር...»

አንገቱን ሲደፋ ዓይኑ ገበታው ላይ አረፈ። ሳህኖቹ ሦስት ነበሩ።

«አንዱ የእናቴ፣ አንዱ የሮሲዮ። ይሄኛውስ የማን ነው?»

ፊሎሜና ማንኪያውን እያስተካከለች ቀና ብላም አላየችው።

«የእርስዎ ነዋ። እንዳይበርድ በየእሁዱ ክዳን ያደርጉበት ነበር።»