የዓይናለም እርማት

ዓይናለም መጀመሪያ ሱቄ የገባችው የማንጎ ጭማቂ የጠጣ ስልክ ይዛ ነው። ሸዋሮቢት አስፋልቱ ዳር ስልክ እጠግናለሁ፤ አቧራ የቃመ፣ ወጥ ውስጥ የወደቀ፣ አህያ የረገጠው... ያላየሁት ስልክ የለም። እንደ እሷ ያለ ባለቤት ግን አይቼ አላውቅም።

«ስልኩ ይቅር፤ የጻፍኩት እንዳይጠፋብኝ» አለችኝ።

ቀኑ ሰው የሚያቀልጥ ስለነበር ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፍቼ ሰጠኋት። ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደምትጾም ነገረችኝ። ሙስሊም መሆኗን ብጠይቃት፣ «ባሃኢ ነኝ» አለች። እንዲህ የሚባል ሃይማኖት መኖሩን ያኔ ሰማሁ። እፍረቴን ለመሸፈን ለስላሳውን ራሴ ጨለጥኩት፤ ጿሚዋ ፊት! ሳቋን ለመያዝ ስትታገል አየሁ።

ስልኩ ሲነሳ ብሎጓ ተከፈተ። እዚሁ ቀወት ወረዳ ውስጥ አስተማሪ ናት። በየሳምንቱ ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለምታምንበት አንድ አምላክና ስለ አንድ የሰው ዘር ትጽፋለች። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ይቺ አለች፦ «ማንንም ልለውጥ አልጻፍኩም። እውነትን ራሳችሁ ፈልጉ።»

ደንበኛ እስኪመጣ አነባለሁ። አስተያየት እጽፋለሁ፤ ትመልስልኛለች። ሳላውቀው ቀኔን በእሷ መልስ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን ላስደስታት ብዬ ባሃኢ ልሆን ነው ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጣች።

«ለእግዚአብሔር ብለህ ከሆነ ደስ ይለኛል። ለእኔ ብለህ ከሆነ ግን እንዳታደርገው።»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔ በኦርቶዶክስነቴ ቀረሁ፤ እሷ ግን ወደደችኝ።

ስለ አባቴ ስትጠይቀኝ ታዲያ ሞቷል አልኳት። አልሞተም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እኔንና እናቴን ጥሎ ማጀቴ የምትባል ከተማ ሄዶ ሌላ ትዳር የያዘ ሰው ነው። እኔ ግን በልቤ ከቀበርኩት ቆይቻለሁ።

ልንጋባ ስንወስን እንደ አገሩ ደንብ ሽማግሌ ልልክ ተነሳሁ። በባሃኢዎች ሕግ ግን መጀመሪያ ሁለቱ ይስማማሉ፤ ከዚያ የሁለቱም ወገን በሕይወት ያለ ወላጅ ሁሉ መፍቀድ አለበት። አንዱ ከጎደለ ጋብቻ የለም። ወላጆቿ ፈቀዱ። እናቴ እትዬ ወይንሸትማ ጥያቄውን ሳታስጨርስ እልልታዋን አቀለጠችው። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ውሸቴ ከማጀቴ መንገድ ስላዳነኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ብሎጓ ላይ አዲስ ጽሑፍ ወጣ። ስለ ወላጅ ፈቃድ ጽፋ እንዲህ ትላለች፦ «አንዱ አማቴ ጋሼ ፀጋዬ ግን አርፈዋል። ስድስት ወር ሆነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ለነፍሳቸው እጸልያለሁ።»

ሰውዬው ማጀቴ ማሽላውን እየወቃ እሷ የሙት ጸሎት ታደርስለታለች! ብነግራት ላጣት ነው። ብደብቃት ደግሞ በራሷ እምነት ትዳራችን ትዳር አይሆንም። ባጃጅ ይዤ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ።

«አባቴ አልሞተም» አልኳት።

ፊቷን አዞረች። እንዳበቃልኝ አወቅኩ።

«ስለዋሸኸኝ ተናድጃለሁ» አለች። «ግን እሰይ፣ በሕይወት አሉ... ነገ ትወስደኛለህ።»

«ቢከለክልስ?»

«ከከለከሉ አንጋባም ሳሚ።»

ካራቆሬ ወርደን ሌላ መኪና ይዘን ማጀቴ ገባን። አባቴ አርጅቷል። ሁሉንም የነገረችው ዓይናለም ናት፣ ጸሎቱን ሳይቀር።

«እኔ ላላሳደግኩት ልጅ ምን አፍ አለኝና ነው የምፈቅደው?» አለ።

«ያሳደጉት እናቱ ናቸው። እርስዎ ግን አባቱ ነዎት። ያለ እርስዎ ቃል አላገባውም» አለችው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ይቅር በለኝ ልጄ።»

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝ አለ። ዝቅ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ፤ ወድጄው እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይዞ ፈቀደ። ከዚያ እንባውን እየጠረገ ዓይናለምን አያት።

«ዘንድሮ ወባው ለምን ማረኝ እያልኩ ነበር። ለካ አንቺ ነሽ» አለ፤ ሦስታችንም እያለቀስን ሳቅን።

አባቴ ሠርጉ ላይ እንዲገኝ እናቴን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብን። ይምጣ፣ ከእኔ አጠገብ ግን እንዳታስቀምጡት አለች። አላስቀመጥነውም።

በሠርጋችን ማግስት ብሎጓን ከፈትኩ። አጭር ጽሑፍ ነው፦

«እርማት። ጋሼ ፀጋዬ አርፈዋል ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው። ትናንት ሠርጋችን ላይ ሲጨፍሩ ውለዋል። ጸሎቱን ግን አላቆምኩም።»