ዐሥራ ሁለት ጆንያ ወደ ኋላ

ሾፌሮች «ጭጭ» ይሉት ነበር። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የስምሪት ክፍሉ መዝገብና እናቱ ብቻ ነበሩ፤ እናቱም ብትሆን ፊት ለፊት ከጠራችው ዓመት አልፏል።

ዐሥራ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። መንገድ ከሰው ላይ ምን እንደሚወስድ ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም፤ የተወሰደበትን የሚያውቅ፣ የቀረለት ነገር ያለው ሰው ነውና። ወገቡ የወንበሩን ቅርጽ ይዟል። ግራ ክንዱ በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ከቀኙ ጠቁሯል። ሰው ቤት ሲቀመጥ እንኳ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። አባቱ ያረፈ ዕለት ወንድሙ ሲደውልለት ቁልቁለት ላይ ነበር። «እሺ» አለ፤ ማርሽ ቀየረ፤ ሃያ ስምንት ቶን ጨው ከኋላው እየገፋው እስከ ግርጌው ወረደ። እዚያ ቆሞ ለማልቀስ ሞከረ። ዕንባው አልመጣም። ቀብሩ ሲፈጸም ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያስደስትም ሆነ የሚያሳዝን ነገር ሲነገረው «እሺ» ብሎ ማለፍን ለመደ።

ከወደብ በሚመጣው መንገድ አጋማሽ ላይ የሚዛን ጣቢያ አለ። የጭነት መኪና ሁሉ እዚያ ይወጣል፤ እያንዳንዱ አክስል፣ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ፣ ለብቻው ይመዘናል፤ ልክ የሆነ ያልፋል፣ ልክ ያልሆነ ይቆማል። በመስኮቱ የምትቀመጠው መዛኝ ከሃያዎቹ ዕድሜ ልትወጣ የተቃረበች ጠይም ሴት ነበረች። እሷ ከታች ሆና እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች፤ እሱ ከጋቢናው ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ያቀብላታል። «ምን ጭነሃል?» ትለዋለች። «ጨው» ይላታል። «ማለፍ ትችላለህ» ትለዋለች። በየዘጠኝ ቀኑ፣ ለሁለት ደቂቃ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን፣ ረጅሙን አቀበት ሲወጣ ገመዱ ላልቶ ኖሮ ጭነቱ ተንሸራተተ።

«የኋላው አክስል ከተፈቀደው በላይ ነው» አለችው። «ጠቅላላው ግን ልክ ነው። ጭነቱ ሸሽቶብሃል።»

«ወዴት ይሸሻል?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አብራችሁ አይደል የመጣችሁት።»

መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። የጣቢያው ወዛደሮች ጆንያዎቹን እስኪያስተካክሉ ድረስ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የእረፍት ሰዓቷ ደርሶ ስለነበር ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣችና ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«እግር አለህ እንዴ?» አለችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከደረት በላይ ብቻ ነው የማውቅህ።»

«አለኝ። ብዙ አልጠቀምበትም እንጂ።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ነገር ግን አንገቱን መለስ አድርጎ ስትስቅ አያት። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። የሚበዛው ዝምታ ነበር፤ ዝምታው ግን የሁለቱም ስለነበር አልከበደም። የተሰማው ደስታ ነበር ማለት አይቻልም፤ ደስታ ምን እንደሚመስል ዘንግቷል። ብቻ ያ ሰዓት ሲያልቅ ማለቁ ታወቀው። ከብዙ ዓመት ወዲህ ማለቁ የታወቀው የመጀመሪያው ነገር ነበር።

በሚቀጥለው ጉዞ ጭነቱ አልተንሸራተተም። ሁለት ደቂቃው እንደ ወትሮው አለፈ። በሦስተኛው ግን ከጣቢያው ሃያ ኪሎ ሜትር ሲቀረው ዳር ያዘ፤ ሸራውን ፈታ፤ ዐሥራ ሁለት ጆንያ ከፊት ወደ ኋላ ተሸክሞ ደረደረና መልሶ ሸፈነ።

መኪናው ላይ የተገጠመው መከታተያ የቆመበትን ደቂቃ ሁሉ ለስምሪት ክፍሉ ይናገራል። ለጎማ ፍተሻ ሃያ ደቂቃ ይፈቀዳል፣ ጆንያዎቹን በዚያ ውስጥ ያዛውራል፤ ከዚያ በላይ ያለ ምክንያት መቆም ያስጠይቃል። በሚዛን መያዝ ግን ምክንያት ነው። ሌሎች ሾፌሮች ትርፍ ክብደታቸውን ለመደበቅ ስንት ብልሃት ሲፈጥሩ፣ እሱ ሕጋዊ ጭነቱን በጀርባው እያመላለሰ ሕገ ወጥ ያደርገው ነበር። ፍቅር ሸክም ነው የሚሉ አሉ፤ እሱ ሸክሙን በኪሎ ያውቀው ነበር። ስልክ ቁጥሯን ለምን አልጠየቃትም ቢባል፣ ስልክ ለእሱ የሰው ሞት የሚነገርበት ዕቃ ነበረ።

ከመጀመሪያው ቀን ጋር ስድስት ጊዜ ተያዘ። ስድስት ጊዜም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«አባቴ ሾፌር ነበር» አለችው በአራተኛው። «እናቴ ስለ እሱ ስታወራ ‹እንግዳችን› ትለዋለች።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሞቷል። እናቴም ሾፌር ደጇን እንዳይረግጥ ምላለች። ‹ልጄን ለጎማ አልድርም› ትላለች።»

ሻይውን አየ። «ጎማውስ ምን ይላል?»

«ጎማው ጭጭ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። እሱ ግን ብርጭቆውን በእጁ አዟዟረ። እሷም ጠበቀችው፤ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችው። ወዛደሮቹ «ጨርሰናል» ብለው ተጣሩ። ተነሥቶ ሄደ።

ለሰባተኛ ጊዜ ሊያዝ ጆንያዎቹን እንደ ለመደው ወደ ኋላ ደርድሮ ደረሰ። በመስኮቱ የተቀመጠው ግን አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር።

«እሷስ?»

«የቷ እሷ? ወረቀትህን አምጣ።»

ተያዘ። ዳር ሲያቆም ጋሽ ፍሬቻን እዚያው ጎማ ሲነፉ አገኛቸው። ሽማግሌ ሾፌር ናቸው፤ ይህ ስም የወጣላቸው በመንገድም ሆነ በኑሮ ሳያሳውቁ የማይታጠፉ ሰው በመሆናቸው ነው።

«ልጅቱ ታግዳለች» አሉት ቀና ሳይሉ። «ተቆጣጣሪዎች መጥተው መዝገብ አገላበጡ። አንድ ሰሌዳ ነው፣ ስድስት ጊዜ። በዚያው ቀን ወደቡ ጋ ባለው ጣቢያ ልክ ሆኖ ያለፈ መኪና እሷ ጋ ሲደርስ የኋላው ይከብዳል። ‹የሐሰት ክብደት እየጻፈች ሾፌር ታስጨንቃለች፤ ጉቦ ፈላጊ ናት› ብለው ደመደሙ።»

ጭጭ የኋላ ጎማዎቹን ተመለከተ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ነድቻለሁ። ጆንያ እግር አውጥቶ በየዘጠኝ ቀኑ ወደ ኋላ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። ምን ልታደርግ ነው?»

«ጭነቱን ላደርስ ነው።»

አዛውንቱ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሾፌር ናቸውና አልፈረዱበትም፤ ቤት ቢቃጠል ጭነት ይደርሳል።

ሁለት ቀን ነዳ። አራገፈ፤ አስፈረመ። በሦስተኛው ቀን የሚዛን ጣቢያዎቹን ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄዶ ከአንድ መርማሪ ፊት ቆመ። ጆንያዎቹን ራሱ እንዳዛወረ፣ የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንዳዛወረ፣ ስንት እንደሆኑ ተናገረ። ድምፁ የጎማ ቁጥር እንደሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

«ማን አስገደደህ?»

«ማንም።»

«ሠራተኛዋ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ከእሷ ጋር አንድ ሰዓት ለመቀመጥ።»

መርማሪው ብዕሩን አኖረ። ሰውዬው እየቀለደበት መሆን አለመሆኑን ፊቱ ላይ ፈለገ፤ እዚያ ላይ ምንም አልነበረም። «ይህንኑ ነው የምጽፈው?»

«ይህንኑ ይጻፉ።»

መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ታገደ። ድርጅቱም አሰናበተው። የመኪናውን ቁልፍ ለስምሪት ኃላፊው ሲያስረክብ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የኖረበት ጋቢና ከአንዲት አነስተኛ ሻንጣ በላይ ዕቃ እንዳልወጣው አየ። ይህም ቢሆን አላሳዘነውም። አለማዘኑን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራው።

እሷ በእሱ ቃል ነጻ ወጥታ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ከሳምንት በኋላ በአውቶቡስ መጣ። ጣቢያው ጋ ጠይቆ የእረፍት ቀኗ መሆኑን ሰማ። ከመንገዱ ዳር ያለውን ሰማያዊ በር አሳዩት። በሩን የከፈቱት እናትየዋ ነበሩ። ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው በግራ ክንዱ ላይ ነበር።

«ሾፌር ነህ» አሉት።

«ነበርኩ፣ እናቴ። ልጅዎን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ከፈቀዱልኝም እርስዎን ሌላ ነገር ልጠይቅ።»

ከኋላቸው ብቅ አለች። ቤት ውስጥ በምትለብሰው ሹራብ ከወትሮው ታንሳለች። ወደ ውስጥ አላስገባችውም፤ አላባረረችውምም።

«ቃልህን አነበቡልኝ» አለችው። «አምስት ሰው ፊት። ‹አንድ ሰዓት ለመቀመጥ› የሚለው ላይ ሲደርሱ አንዱ ሳቀ።»

«አንቺስ?»

«ምን ያስቀኛል? ሦስት ሳምንት ሌባ ተብዬ ከርሜ? ጎረቤቱ ሰላምታ ቀንሶብኝ?» ድምፅዋ አልጨመረም። «ስልክ ቁጥሬን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«አላውቅበትም። ጆንያ መሸከም አውቃለሁ። የማውቀውን አደረግሁ፤ በአንቺ ላይ የሚወድቅ መሆኑን አላሰብኩም። ይቅር በይኝ።»

ሹራቧን ሰብሰብ አደረገች። እናትየዋ በሩን ይዘው መሐላቸው ቆመው ነበር። ጉዳዩ ገብቷቸዋል፤ ሌላኛው ጥያቄ ምን እንደሆነም ሳይነገራቸው ገብቷቸዋል።

«መንጃ ፈቃድህ ሲመለስ፣» አሉ፣ «መኪና ትይዛለህ?»

«እይዛለሁ። ሌላ ሥራ አልችልም። እሞክራለሁ ብዬ ልዋሽዎት እችል ነበር።»

«በዓመት ስንት ቀን ቤት ትሆናለህ?»

ቀና ብሎ አሰበ። ጉዞውን፣ የወደቡን ወረፋ፣ የማራገፊያውን ቀን አንድ በአንድ አሰላ። «ሰማንያ አንድ» አለ። «መኪናው ከተበላሸ ዘጠና ይደርሳል።»

«አባቷ ሁለት መቶ ብሎኝ ነበር» አሉ እናትየዋ። ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ፈቃድ ይሁን ድካም ከፊታቸው አይለይም ነበር።

ልጅቱ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። «አሁን እዚህ ስትቆም ምን ይሰማሃል?»

«አልለየሁትም። ታገደች ሲሉኝ ምንም አልተሰማኝም። አባቴ ሲሞትም እንዲሁ ነበር። ውስጤ ደንዝዟል። ይህን ሳታውቂ እንዳትወስኚ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ያኔ በአግዳሚው ላይ እንዳየችው፣ ዓይኗን ሳትነቅል። አሁን ግን የሚጠራው ሰው አልነበረም።

«አንድ ዓመት አለህ» አለች በመጨረሻ። «እዚሁ ከተማ ሥራ ፈልግና ተከራይ። በእግርህ እየመጣህ ትጠይቀኛለህ። የተሰማህ ቀን ትነግረኛለህ፤ ያልተሰማህም ቀን ትነግረኛለህ። ጆንያ አታዛውርብኝም። ስለ ሰማንያ አንዱ ቀን ዓመቱ ሲያልቅ እንነጋገራለን።»

«ከነገ ጀምሮ እመጣለሁ።»

«ዛሬስ በሩ ላይ ልታድር ነው?» አሉ እናትየዋ ከውስጥ።

ገባ። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበር። አንደኛው ወንበር ወደ መስኮቱ ዞሮ ግድግዳ ታኮ ተቀምጧል፤ ከዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያያል። ሾፌር ሰው ቤት ሲገባ መኪናው የሚታይበትን ቦታ ይመርጣል፤ ያንን ወንበር ማን እንዲያ እንዳዞረው መጠየቅ አላስፈለገውም። ሁለቱም ሴቶች የት እንደሚቀመጥ ዝም ብለው ይመለከቱ ነበር።

ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ በሌላኛው ላይ ተቀመጠ። ወዲያው አንድ ተሳቢ ከውጭ አለፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። ከድምፁ ብቻ ጭነቱን፣ የጎማውን አየር፣ የማርሹን መቀየር ሊናገር ይችል ነበር። አልዞረም። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

እሷ ይህን አየች። ምንም ሳትል ወደ መስኮቱ ሄደች፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ማንም ያላነቃነቀውን ወንበር አንሥታ አመጣችና ከጎኑ ተቀመጠችበት።