የማክሰኞ ልጆች ኮኮናት

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሰዉ ለምሳ ሲበተን የአቡራኖ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነበረች። ከቁርባኑ ገበታ ፊት ለእሑዱ የመኸር በዓል የመጣው ስጦታ ሰባት ክምር ሆኖ ተደርድሯል። እሑድ የተወለዱት ያመጡት ከግራው ጫፍ ይጀምራል፤ ቅዳሜ የተወለዱት ያመጡት ቀኙ ጫፍ ላይ ያልቃል፤ የሌሎቹ ቀናት በየተራቸው መሃል ላይ ናቸው። የያም ሥር፣ ካሳቫ፣ የሙዝ ዘለላ፣ ኮኮናት፣ የደረቀ ዓሣ። በስተቀኝ በኩል፣ ከዓርቦቹ ክምር አጠገብ፣ ምስባኩ አለ። ከምስባኩ በላይ የቆመው የእንጨት ቅስት ግማሹ ዘንባባ ለብሷል፣ ግማሹ ገና ራቁቱን ነው። ቅስቱን የተደገፈው መሰላል ጫፍ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ቁልፍ የሚይዙት መጋቢ ኦፓኒን ኤቦ ኤሱማን ቆመው ዘንባባ ያስራሉ። የዘንባባ መቁረጫው ገጀራ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፏል። የቧንቧው ውኃ ከሰኞ ጀምሮ ጠፍቷል።

ሰዉ ከምሳ ሲመለስ መሰላሉም ሰውዬውም ወለሉ ላይ ነበሩ።

ኢንስፔክተር ማንሳ ኦቱ ስትደርስ ግቢው ይተራመሳል። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ታንኳ አልወጣም፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ መረቡን ጥሎ መጥቷል። አንዳንዱ መቅዘፊያውን እንደያዘ ነው። ከነፋሱ ጋር አንድ ስም ከአፍ አፍ ይዞራል፦ አሚሳ፣ ኦርጋን መቺው አሚሳ።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበሩ።

«ልጁን ያዢና ነይ።»

«የትኛውን ልጅ፣ ጌታዬ?»

«ኦርጋን መቺውን ነዋ! ጧት በሰው ፊት ‹እግዜር ያውርድህ› ብሎ ሰድቧቸዋል አሉ። ሳይመሽ ካላነሣሽው እነዚያ አጥማጆች በመቅዘፊያ ይጨርሱታል፤ ከዚያ የሁለት ሰው ሬሳ ልትቆጥሪ ነው።»

«እስኪመሽ ድረስ ጊዜ አለኝ ማለት ነው» አለችና ዘጋችው።

ውስጥ ገብታ በሩን አስዘጋች። ሬሳው በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል፤ አንገቱ ተሰብሯል። አጠገቡ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ ምግብ፣ ኬንኪ፣ ሳይፈታ ተቀምጧል። ማንሳ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም፤ ወለሉን ነው። የተንሸራተተ መሰላል ወደ ኋላ ቀጥ ያለ ጭረት ይተዋል። እዚህ ያለው ጭረት ግን እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፤ አንዱ እግር ቆሞ ሌላው ዞሯል። ከታች የቆመ ሰው አንዱን ቋሚ ይዞ ወደ ጎን ስቦታል።

ከዚያ ተንበረከከች። የሸሚዛቸው ኮሌታ ርጥብ ነው። ርጥበቱ ከከንፈራቸው ጥግ ተነሥቶ በጆሯቸው ሥር ወደ ማጅራታቸው ወርዷል፤ ደረታቸው ላይ ጠብታ የለም። ቆሞ የሚጠጣ ሰው እንዲህ አይንጠባጠብበትም። ጉንዳኖች ኮሌታውን ከበውታል። ተራ ውኃ ጉንዳን አይጠራም።

ከኮሌታው ሌላ የጉንዳን መሥመር ወደ ግራ ይሄዳል። ማንሳ ጎንበስ እንዳለች ተከተለችው። በዓርቦቹ ክምር አለፈ፣ በሐሙሶቹ አለፈ፣ በረቡዖቹም አለፈ። የማክሰኞዎቹ ክምር ውስጥ ገባ። እዚያ አንድ ኮኮናት በአፉ ተደፍቶ ተቀምጧል። ገለበጠችው። አናቱ ተከፍቷል፤ ባዶ ነው። ደህና ክንድ በአንድ ምት የሚከፍተውን ይሄ ብዙ ቦታ ተነካክቶ፣ ተቆራርሶ፣ በመከራ ነው የተከፈተው።

ለረጅም ጊዜ አየችው። በዚያ የባሕር ዳርቻ ሳይባረክ ከመኸሩ ስጦታ የሚቀምስ ሰው የለም። ሌባ እንኳ እሑድን ይጠብቃል።

ሬሳውን ያገኘው የመጋቢው የእህት ልጅ ክዋሜና ነበር። ትከሻው በር የሚያህል አጥማጅ ነው፤ የሙዝ ዘለላ ማሰሪያ ገመድ እጁ ላይ እንደተጠመጠመ ቀርቷል።

«ስገባ ወድቆ አየሁት። ጮህኩ። ሌላ ምን ልበልሽ?»

«ኮኮናት በስንት ምት ትከፍታለህ?»

«ምን?»

«መልስልኝ።»

«በአንድ ነዋ! በሁለት የሚከፍት ሚስት አያገኝም።» ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። «አጎቴ ውኃ ሳይቀምስ ሄደ እኮ። ባዶ ጉሮሮውን። ያንን አቀበት እንዴት ብሎ ይወጣዋል? እኔ እዚህ ታች መረብ ስጠግን!»

ውጪ ሴቶቹም ይህንኑ ያለቅሳሉ። ለሚሞት ሰው የመጨረሻውን ውኃ የሚያጠጣው ዘመዱ ነው፤ ያልጠጣ ሰው የሙታንን አቀበት በጥም ይወጣል። «ውኃ ሳይቀምስ! ማን አጠጣህ ኤቦ!» ይላሉ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሟቹ እህት፣ የክዋሜና እናት፣ የማሜ አራባ ድምፅ ነው። እኒህ አሮጊት በስብከት መሃል ተነሥተው የአገሬውን ዝማሬ ሲያወጡ ሰባኪው ራሱ አፉን ይዘጋል። አሁን የወንድማቸውን ልጅነት፣ ታንኳውን፣ በወገቡ የሚያንጠለጥለውን ቁልፍ እያነሡ ሙሾ ያወርዱለታል። «አቀበቱን ቀስ ብለህ ውጣ፣ ወንድሜ፣ አትቸኩል።»

ቄሱ፣ በአገሬው አጠራር ኦሶፎ ታንዶ፣ በሁለቱ የወንበር ረድፎች መካከል ይንጎራደዳሉ። ከደጋው አገር ተዛውረው የመጡ ናቸው።

«እሑድ ጳጳሱ ይመጣሉ። ጳጳሱ! እኔ ምን ብዬ ልቀበላቸው ነው?»

«በምሳ ሰዓት ገብተው ነበር?»

«ቅስቱን ለማየት ብቅ ብዬ ነበር። መጋቢው መሰላል ላይ ነበሩ። ‹ኦሶፎ፣ ዘንድሮ ስብከቱን የሚያቋርጥ አይኖርም› አሉኝ። ደስ አላቸው፤ እኔንም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ቤቴ ገባሁ።»

«ቤትዎ ውኃ አለ?»

«በርሜል ሙሉ። መንገዱን ተሻግሮ እኮ ነው። ጠማዎት እንዴ?»

«አይ» አለች ማንሳ።

ፊፊ አሚሳ ኦርጋኑ ሥር ተቀምጧል። ለጉሮሮው ሲል ከእጁ የማይለየውን የውኃ ጠርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፏል። ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው።

«የኦርጋኑን ቁልፍ ከለከሉኝ። አዎ፣ ተሳደብኩ። ቀትር ላይ ደግሞ ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ።»

«ጠየቁ?»

«ከደጅ ተመለስኩ። ማሜ አራባ የመጋቢውን ምሳ ይዘው ሲገቡ አየሁና... በእሳቸው ፊት ይቅርታ? መዘምራኑ ዓመት ይስቁብኛል።» ወደ መስኮቱ አየ። «ኢንስፔክተር፣ እነዚያ ሰዎች ሊገድሉኝ ነው አይደል?»

«ከእኔ ፊት አይገድሉዎትም።»

«ከኋላዎስ?»

ከመቅዘፊያዎቹ አንዱ በሩን መታ።

ማሜ አራባ ከለቅሶው ተነሥተው መጡ። ወንበር ስትሰጣቸው ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ኬንኪውን ከደጃፉ አቀበልኩት፣ ልጄ። ይሄው ነው። መሰላል አትውጣ ብዬው ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰምቶኝ አያውቅም።»

«ከደጃፉ ነው ያቀበሉት?»

«ከደጃፉ።»

«ጉልበትዎን አሞዎታል?»

«ጉልበቴማ ከሞተ ቆየ፤ የሚቀብረው ነው ያጣሁት» አሉ። የራሳቸው ቀልድ ራሳቸውን አላሳቃቸውም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማንሳ አራቱን ሰዎች በሰባቱ ክምር ፊት አስቀመጠች። ስልኳ ይጮሃል፤ አታነሣም። ውጪ «አሚሳን አውጡልን!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ፊፊ ከነወንበሩ ወደ ምስባኩ ተጠጋ።

«መጋቢው አልተንሸራተቱም» አለች። «መሰላሉ ከታች ተስቧል። ከወደቁ በኋላ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ነፍስ ነበራቸው፤ ምክንያቱም ተኝተው ጠጥተዋል። የጠጡት ይህንን ነው።» የተከፈተውን ኮኮናት ከጨርቅ ውስጥ አወጣችው።

ክዋሜና ብድግ አለ። «ከስጦታው? ሳይባረክ?»

«ቁጭ በል። አዎ፣ ሳይባረክ። እኔም እዚህ ዳርቻ ነው ያደግሁት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አላውቅም። ከዚህ የሚበልጥ ግዴታ ካልያዘው በቀር። የሚሞት ሰው ውኃ ጠየቀ፤ ቧንቧው ደርቋል። አስቡት፦ ገዳዩ ሊሸሽ ይችል ነበር። አልሸሸም። ገጀራውን ከበሩ አምጥቶ፣ ኮኮናት ከፍቶ፣ የጣለውን ሰው አጠጣ። ከዚያ ኮኮናቱን ደፍቶ ወጣ፤ የማንንም እርዳታ አልጠራም። በአጋጣሚ የደረሰ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር።»

«ወይኔ» አሉ ኦሶፎ ታንዶ፣ በቀስታ።

«ኦሶፎ፣ እርስዎ ቢሆኑ መንገድ ተሻግረው ከበርሜልዎ ይቀዱ ነበር። ሚስተር አሚሳ ጠርሙሱን ታቅፈው ይዞራሉ፤ ውኃ እጃቸው ላይ እያለ ስጦታ አይደፍሩም። ክዋሜና በአንድ ምት ይከፍተዋል፤ ይሄን እዩት፣ የደከመ ክንድ ነው የታገለው።»

ማንም ወደ ማሜ አራባ አላየም። ሁሉም ኮኮናቱን ያያል።

«አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። መጋቢው የወደቁት የዓርቦቹ ክምር ሥር ነው። እዚያ እጅ ሲዘረጋ የሚነካ ኮኮናት አለ። ገዳዩ ግን ያንን ትቶ፣ ሰው እየሞተበት፣ እስከ ማክሰኞዎቹ ክምር ሄደ። ለምን? የሌላውን ስጦታ መንካት ከእግዚአብሔር መስረቅ ስለሆነበት ነው። የራሱን ግን ራሱ መልሶ ሊወስድ ይችላል። ክዋሜና የቅዳሜ ልጅ ነው። ፊፊ የዓርብ ነው። ኦሶፎ የእሑድ ናቸው። የማክሰኞ ልጅ ማነው? በዚህ ዳርቻ ስሙ ራሱ ይናገራል፦ ኤቦ። እና አራባ።»

«እናቴን ነው የምትይው?» ክዋሜና ጮኸ። «ጉልበቷ የማይታጠፍላት አሮጊት!»

«መሰላል ለመሳብ ጉልበት መታጠፍ የለበትም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማሜ አራባ፣ ኬንኪውን ከደጃፉ አቀበልኩ አሉኝ። ወንድምዎ ግን መሰላል ላይ ነበሩ፤ ኬንኪው ደግሞ የተገኘው አጠገባቸው ነው። ይሄ ሁሉ ባይኖር እንኳ ለቅሶዎ ነግሮኛል። ሴቶቹ ሁሉ ‹ውኃ ሳይቀምስ› አሉ። ልጅዎም እንዲሁ አለ። በዚህ ዳርቻ በድንገት ለሞተ ሰው ይህን ሳይል የሚያለቅስ የለም። እርስዎ ልጅነቱንም ቁልፉንም አወረዱ፤ ጥሙን ግን አንድ ጊዜ አላነሡም። በዝማሬ መዋሸት አልሆነልዎትም።»

ነፋሱ በሩን አንኳኳው። አሮጊቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት፤ መዳፋቸው በገጀራው እጀታ ተልጦ ነበር።

«ጠጥቷል» አሉ። «አዎ። ጠጥቷል።»

«እናቴ!»

«ዝም በል፣ ክዋሜና። እሑድ ጳጳሱ ሲመጡ አፍሽን ዘግተሽ ከሕፃናቱ ጋር ከኋላ ትቀመጫለሽ አለኝ። የእናታችንን ዜማ የጫካ ጩኸት አለው። እዚያ ላይ ሆኖ፣ ቁልቁል እያየኝ። ‹ውረድና ፊቴ ቆመህ በለው› አልኩት። አልወርድም አለ። ላወርደው ብዬ ነቀነቅኩት፣ ሳብኩት። ወረደልኝ።»

ፊፊ አሚሳ በቀስታ ተናገረ። «ማሜ፣ ውጪ ሰዎቹ የሚሉትን ሲሰሙ ነበር። እኔን ሲጠሩ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ዝም አሉ!»

«እሑድ ድረስ፣ ልጄ። ከዚያ እናገር ነበር። አንድ ጊዜ ልዘምር ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ።» ቀና ብለው አዩት። «አንተን እስከዚያ በሕይወት እንደማያቆዩህ አላሰብኩም። ወይም አስቤ ትቼዋለሁ። ይሄን እግዜር ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።»

ማንሳ በሩን ከፈተች። ራሷ ቀድማ ወጥታ ለአጥማጆቹ ነገረቻቸው፤ ክዋሜና እናቱን ደግፎ ከኋላዋ ወጣ። መቅዘፊያዎቹ አንድ በአንድ ወደ መሬት ወረዱ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቆሙ። ማሜ አራባ በመሃላቸው ሲያልፉ አንዲቱ ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ላይ ‹ጠጥቷል?› ስትል ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ «ውኃ ሳይቀምስ» ያለ ሰው አልተሰማም።

እሑድ ፊፊ አሚሳ ኦርጋን መታ። ሰባቱ ክምር ተባረከ፤ የማክሰኞ ልጆች ክምር አንድ ኮኮናት ጎድሎታል። ኢንስፔክተር ማንሳ ኦቱ ከኋላ፣ ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጣ ሰዓቷን ይዛ ነበር። የጳጳሱ ስብከት አርባ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ዝማሬ አላቋረጠውም።